በኢንተርኔት ሐራጅ የሚሸጥ ሰውና ወደ ውጭ አገር የሚልከው ጥቅል

በኢንተርኔት አማካይነት የሚካሄደው የሐራጅ ንግድ ከተጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ወሰን የሚሻገር ንግድ ነበረ። ዛሬ ኢቤይ ተብሎ የሚጠራው የሐራጅ ገበያ እ.ኤ.አ. በ1995 በካሊፎርኒያ ሲቋቋም፥ በመጀመሪያ የተሸጠው ዕቃ የተበላሸ የሌዘር መጠቆሚያ ሲሆን ዋጋው 14 ዶላር ከ83 ሳንቲም፥ ገዢውም የካናዳ ሰው ነበረ። ከዚያ ወዲህ በቤቱ ጠረጴዛ ላይ አሮጌ ካሜራ፥ ቴምብር፥ መጽሐፍና የእጅ ሰዓት እያሸገ ወደ ዓለም ዙሪያ የሚልክ ጥቃቅን ነጋዴ በየአገሩ ተነሥቷል። ይህ ነጋዴ መጋዘን የለውም፤ የጉምሩክ አስተላላፊም የለውም፤ ጸሐፊውም፥ አሻጊውም፥ ሒሳብ ያዡም እርሱ ራሱ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ሲከስር ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚከስረው በሸቀጡ ሳይሆን ሸቀጡ በሚሄድበት መንገድ ነው።

የሐራጅ ሻጭ ከባለ ሱቅ የሚለይበት አንድ ዋና ነገር አለ። ባለ ሱቅ የዕቃውንም የመላኪያውንም ዋጋ ራሱ ስለሚወስን አንዱ ቢያጎድልበት በሌላው ሊያካክሰው ይችላል። የሐራጅ ሻጭ ግን የዕቃውን ዋጋ ለተጫራቾች አሳልፎ ሰጥቷል። በእጁ የቀረው የመላኪያው ዋጋ ብቻ ነው፤ እርሱንም ጨረታው ሳይከፈት አስቀድሞ ማስታወቅ አለበት። ጨረታው ካለቀ በኋላ «ፖስታ ቤቱ ከገመትሁት በላይ ጠየቀኝ» ብሎ ገዢውን ማስጨመር ደንቡም አይፈቅድለት፤ ስሙንም ያጠፋበታል።

ለምሳሌ ያህል፥ በቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ሻጭ በ18 ዶላር የገዛው አሮጌ ካሜራ በጨረታ 30 ዶላር አወጣለት እንበል። ለመላኪያ 20 ዶላር ብሎ አስቀድሞ ስለ ጻፈ በጠቅላላው 50 ዶላር ተቀበለ። ጥቅሉን ወደ ጃፓን ሊልክ ሲሄድ ግን ፖስታ ቤቱ 28 ዶላር ያስከፍለዋል፤ ካርቶንና ማሸጊያ 2 ዶላር ይፈጃል። ገበያው ደግሞ ኮሚሲዮኑን የሚያስበው በካሜራው ዋጋ ላይ ብቻ ሳይሆን መላኪያውን ጨምሮ በድምሩ ላይ ስለሆነ፥ ከመቶ 13 ቢሆን 6 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይወስዳል። ካሜራው ከተገዛበት 18 ዶላር ጋር ሲደመር ወጪው 54 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። በ30 ዶላር ሸጥሁ ብሎ ደስ ያለው ሰው ካሜራውን የሸኘው 4 ዶላር ከ50 ሳንቲም ከኪሱ ጨምሮ ነው። መላኪያውን በትክክል 28 ዶላር ብሎ ጽፎት ቢሆን ኖሮ 2 ዶላር ከ46 ሳንቲም ይተርፈው ነበር። ትርፉ እጅግ ትንሽ ነው፤ ሆኖም በዓመት ጥቂት መቶ ጥቅል ለሚልክ ሰው ንግዱ የሚቆመው ወይም የሚፈርሰው በዚህች ልዩነት ነው።

ስለዚህ ዕቃው ከታሸገ በኋላ እንጂ ሳይታሸግ መመዘን አይገባውም። የፈጣን መልእክት ድርጅቶች ከክብደቱ ሌላ የካርቶኑን ስፋት ጭምር እንደሚያስከፍሉ መዘንጋት አይገባም። ርዝመቱ፥ ወርዱና ቁመቱ በሳንቲሜትር ተባዝቶ ለ5000 ይካፈላል፤ ውጤቱ ከእውነተኛው ክብደት ከበለጠ ክፍያው በእርሱ ይሆናል። ርዝመቱ 40፥ ወርዱ 30፥ ቁመቱም 30 ሳንቲሜትር በሆነ ካርቶን የታሸገ 2 ኪሎ የሚመዝን መብራት እንደ 7.2 ኪሎ ይቆጠራል ማለት ነው። ለከባድ መጽሐፍ ነጋዴ ደግሞ ነገሩ የባሰ ነው፤ የአሜሪካ ፖስታ ቤት ጥቅልን በመርከብ ወደ ውጭ አገር መላክን እ.ኤ.አ. በ2007 ካቆመ ወዲህ ርካሹና ዝግተኛው መንገድ ተዘግቶበታል።

በመላኪያው ላይ ቀረጥ ይታከላል። ከትንሽ ጥቅል ቀረጥ ለመሰብሰብ የሚወጣው ድካምና ወጪ ከሚገኘው ገንዘብ ስለሚበልጥ፥ መንግሥታት ዋጋው ከተወሰነ ልክ በታች የሆነውን ሁሉ ለብዙ ዘመን ያሳልፉት ነበር። ዳሩ ግን ይህ በር አንድ በአንድ ተዘግቷል። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2018 ዋጋው እስከ 1000 የአውስትራሊያ ዶላር በሆነ ከውጭ በሚመጣ ሸቀጥ ላይ የሽያጭ ግብር ጣለች፤ እንግሊዝ ከ15 ፓውንድ በታች ለሆነው ትፈቅደው የነበረውን ነጻነት በጃንዋሪ 2021፥ የአውሮፓ ኅብረትም ለ22 ዩሮ የነበረውን በዚያው ዓመት በጁላይ አነሡት። የአሜሪካ መንግሥት በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2016 ልኩን ከ200 ወደ 800 ዶላር ከፍ አድርጎት ነበር፤ ነገር ግን ከኦገስት 29 ቀን 2025 ጀምሮ ከየትኛውም አገር ለሚመጣ ጥቅል ነጻነቱ እንዲቆም ወሰነ።

የአገር ውስጥ ባለ ሱቅ በዚህ ነገር ለረጅም ጊዜ ያሰማው አቤቱታ እውነት ነበረበት። እርሱ የቤት ኪራይና ግብር እየከፈለ የሚሸጠውን ያንኑ ዕቃ፥ ከውጭ የመጣ ጥቅል ያለ ምንም ግብር ደጃፉ ላይ ሲያራግፍበት እኩል ውድድር ነው ለማለት አይቻልም። ስለሆነም የነጻነቱ መነሣት ሊነቀፍ አይገባም። የሚነቀፈው አፈጻጸሙ ነው። የአሜሪካው ትእዛዝ በጁላይ 30 ወጥቶ በኦገስት 29 ሥራ ላይ ሲውል የፖስታ መሥሪያ ቤቶች የተሰጣቸው ጊዜ አንድ ወር ብቻ ነበረ። ቀረጡ በማን እጅ እንደሚሰበሰብና እንዴት እንደሚተላለፍ ገና ሳይለይ፥ የጀርመን፥ የጃፓን፥ የሕንድና የአውስትራሊያ ጭምር ከ80 የሚበልጡ የፖስታ ድርጅቶች ወደ አሜሪካ የሚላከውን የሸቀጥ ጥቅል በሙሉ ወይም በከፊል አቋረጡ። ትልቁ ነጋዴ በአሜሪካ መጋዘንና አስተላላፊ ስላለው የሚሄድበት መንገድ አላጣም። በፖስታ ቤት መስኮት ብቻ የሚገለገለው ጥቃቅን ሻጭ ግን ገንዘብ የተቀበለበትን ዕቃ ይዞ ቀረ። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 የአውሮፓ ኅብረት የዕቃ ደኅንነት ደንብ፥ ከውጭ የሚገባ ሸቀጥ በኅብረቱ አገሮች ውስጥ ኀላፊ ሆኖ የሚጠየቅ ወኪል እንዲኖረው ባዘዘ ጊዜም ወኪል ለመቅጠር አቅም የሌላቸው ሻጮች ለአውሮፓ ደንበኞቻቸው መሸጥ አቁመዋል።

ገዢ ቀረጡን ሲፈራ «እባክዎ፥ ስጦታ ብለው ይጻፉልኝ፤ ዋጋውንም ዝቅ ያድርጉልኝ» ብሎ ለሻጩ ይጽፋል። ልመናው በትሕትና የቀረበ ስለሆነ፥ ደንበኛንም ላለማስቀየም ሲባል፥ ብዙ ሻጭ እሺ ይላል። ይህ ግን ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው። በጉምሩኩ ዲክላራሲዮን ላይ የሚፈርመው ሻጩ እንጂ ገዢው አይደለም፤ ሐሰት ቢገኝ ተጠያቂው ፈራሚው ነው። በተለይም በሐራጅ የተሸጠ ዕቃ ዋጋው የተደበቀ አይደለም፤ ማንም የጉምሩክ ሹም የጨረታውን ገጽ ከፍቶ ሊያየው ይችላል። ከዚህም በቀር በ200 ዶላር የተሸጠውን ሰዓት 20 ዶላር ብሎ የጻፈ ሰው ጥቅሉ በመንገድ ቢጠፋ ካሣ የሚጠይቀው በጻፈው በ20 ዶላር ላይ ነው። ገዢው ግን የከፈለው 200 ዶላር ከነመላኪያው እንዲመለስለት ለገበያው ያመለክታል፤ ይመለስለታልም። እንግዲህ 20 ወይም 30 ዶላር ቀረጥ ለሌላ ሰው ለማትረፍ ሲል 180 ዶላር የከሰረ ሻጭ ለማን አቤት ሊል ይችላል? ደኅናው መንገድ፥ ዋጋው በትክክል እንደሚጻፍና ቀረጡ ለብቻው እንደሚከፈል ከጨረታው ማስታወቂያ ጋር አስቀድሞ ማስታወቅ ነው። በዚህ የሚሸሽ ተጫራች ቢኖር ቀድሞ መሸሹ ለሻጩ ይጠቅመዋል።

የዲክላራሲዮኑ ወረቀት ራሱ አስቸጋሪ አይደለም። አነስተኛ ክብደትና ዋጋ ላለው ሲ.ኤን. 22፥ ከዚያ በላይ ለሆነው ሲ.ኤን. 23 የሚባለው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1874 በበርን ከተማ የተቋቋመው የዓለም ፖስታ ኅብረት ስላወጣው፥ ከ1908 ጀምሮ የኅብረቱ አባል በሆነችው በኢትዮጵያም ያው ነው። የሚያስቸግረው አጻጻፉ ነው። «ልብስ»፥ «ዕቃ»፥ «መለዋወጫ» ተብሎ የተጻፈ ጥቅል ለፍተሻ ይቆያል፤ «የወንድ የጥጥ ሸሚዝ፥ ያገለገለ፥ 1» ተብሎ ባለ 6 አኀዙ የታሪፍ ቁጥር የተጨመረበት ግን ፈጥኖ ያልፋል። ይህ መግለጫ በእጅ ከመጻፉ ይልቅ በኮምፒዩተር ተሞልቶ ከጥቅሉ ቀድሞ እንዲደርስ በብዙ አገሮች ግዴታ ሆኗል።

የማይላክ ዕቃም አለ። ጠገራ ብር የሚሸጥ ሰው ገንዘብን ዋስትና በሌለው ደብዳቤ ውስጥ መክተት የፖስታው ስምምነት እንደሚከለክል ይወቅ። የዝሆን ጥርስና የአዞ ቆዳ ሥራ ያለ ፈቃድ አይሻገርም። ከኢትዮጵያ የብራና መጽሐፍ ወይም ሌላ ቅርስ ለማውጣት የሚያስብ ቢኖር ደግሞ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ መንግሥት ፈቃድ እንደማይፈቅድለት ሊያውቅ ይገባል።

ኢቤይ እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ የጀመረው አሠራር ለጥቃቅኑ ሻጭ እፎይታ ነው። ሻጩ ጥቅሉን በዚያው በአሜሪካ ውስጥ ወዳለው ማዕከል ብቻ ይልካል፤ ከማዕከሉ ወዲያ ያለውን ጉዞና ጉምሩክ ገበያው ይይዘዋል። ገዢው ላይ ዋጋው ከፍ ሊል ስለሚችል ርካሽ ዕቃ በዚህ መንገድ ፈላጊ ላያገኝ ይችላል። ራሱ በቀጥታ የሚልክ ግን የመከታተያ ቁጥር የሌለው ጥቅል አይላክ፤ ገዢው «አልደረሰኝም» ባለ ጊዜ መድረሱን ማስረዳት የሻጩ ግዴታ ነውና። ዕቃው ተሰብሮ ቢደርስና የመመለሻው ወጪ ከዋጋው የሚበልጥ ቢሆን፥ ገንዘቡን መልሶ ዕቃውን እዚያው ለገዢው መተው ይሻላል።