ያልተነዳ ሞተር አይለወጥም

በሃያብለ አንድ ክፉ ልማድ ሥር እየሰደደ ነው። ሁለት ሰዎች ሞተር ሳይክል ሊለዋወጡ ይገናኛሉ። ደላላው መሃላቸው ቆሞ ያወራል። ሞተሩ ይነሳል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ነዳጅ ይሰጠዋል፤ ድምፁ ይደመጣል፤ ጎማው በጫማ ይረገጣል። ወዲያው ወደ ጭማሪው ሂሳብ ይገባል። ከሁለቱ አንዱ «እስቲ አንዴ ልንዳው» ካለ ግን ፊት ይጠቁራል። «ምነው፣ አላመንከኝም?» ይባላል። ጠያቂው ያፍራል፤ ቁልፍ ይቀያየራሉ፤ ይጨባበጣሉ። ሳምንት ሳይሞላ አንደኛው ጋራዥ ደጃፍ ተቀምጦ ይገኛል።

እኛ በዚህ ሰፈር የምንኖር፣ ከድንበር ወዲህና ወዲያ የምንነግድ ሰዎች ይህ ልማድ ይብቃ እንላለን። ያልተነዳ ሞተር መለወጥ የለበትም። «ንዳና እየው» ከማይል ሰው ጋር መለዋወጥ የለብንም። ይህን የምንለው ለጠብ አይደለም፤ እየጠፋ ያለው ገንዘብ የቤተሰብ ገንዘብ ስለሆነ ነው።

ለብዙዎቻችን ሞተር የሥራ መሣሪያ ነው። ከኢትዮጵያ የገባውን ሽንኩርትና ቲማቲም ከጅምላ ገበያ ወደ ሱቅ የምናደርሰው በእሱ ነው። ደንበኛ ጋ ዕቃ የሚደርሰው፣ የታመመ ልጅ ሐኪም ቤት የሚሄደው በእሱ ነው። የተገዛውም ወይ በእቁብ፣ ወይ ከወንድም በተለቀመ ብድር ነው። ሞተሩ ሲቆም የቤት ኪራዩ አብሮ አይቆምም።

ከሽያጭ ይልቅ ልዋጭ ለምን እንደበዛ ይገባናል። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ዶላር በ177.721 ፍራንክ ላይ ጸንቶ አለ። ብር ግን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ዋጋው በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል፤ በዶላር 57 ብር አካባቢ የነበረው በሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ብር ከመያዝ ዕቃ መያዝ ይሻላል ብሎ ማሰብ ሞኝነት አይደለም። ሞተርን በሞተር የለወጠ ሰው የምንዛሪ ጣጣ ውስጥ አይገባም። እኛም ልዋጭን አንቃወምም። ነገር ግን ልብ በሉ፦ በሽያጭ ጊዜ ቢያንስ ዋጋ የሚባል ቁጥር አለ፤ ከሌላው ጋር ይነጻጸራል። በልዋጭ ጊዜ ዋጋው ራሱ ሞተሩ ነው። የሞተሩን ጤና ያላወቀ ሰው ስንት እንደከፈለ አያውቅም። ጭማሪው ስንት መሆን እንዳለበት የሚነግረን መንገዱ ነው እንጂ ደላላው አይደለም።

አሁን ወደ መከራከሪያዎቹ እንምጣ። የመጀመሪያው «ልንዳው ማለት አለማመን ነው» የሚለው ነው። ይህ ከየት የመጣ ባህል ነው? አያቶቻችን በቅሎ ሲገዙ ጥርሷን ያዩ ነበር፤ ኮርቻ ጭነው ስግሪያዋን ይሞክሩ ነበር። ሻጩም አይቀየምም ነበር፤ በቅሎው ሰጋር ከሆነች መሞከሯ ዋጋዋን ከፍ ያደርግለታልና። እውነት መተማመን ካለማ ቁልፉን ማቀበል ይቀላል። የሚያምነን ሰው ሞተሩን ይሰጠናል። «እመኑኝ» እያለ ቁልፉን ኪሱ የሚከት ሰው ግን እምነትን ከእኛ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ሁለተኛው መከራከሪያ ቁም ነገር አለው። ባለቤቱ «ይዞብኝ ቢጠፋስ? ቢጥለውስ?» ብሎ ይሰጋል። ይህ ስጋት በሽያጭ ላይ ተገቢ ነው፤ ገዢው ባዶ እጁን መጥቶ ሊሆን ይችላልና። በልዋጭ ግን መልሱ እዚያው ቆሟል፦ የእኛ ሞተር። እኛ የእሱን ስንነዳ እሱ የእኛን ከነቁልፉና ከነወረቀቱ ይዞ ይጠብቃል፣ ወይም እሱም የእኛን ይነዳል። ከዚህ የተሻለ መያዣ የት ይገኛል? ለመውደቁም ቢሆን መፍትሔ አለው። መንጃ ፈቃድ የሌለው አይነዳም። ኢንሹራንሱ ያለፈበት ሞተር አይሞከርም። ከኢትዮጵያ የገባ ከሆነ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ እንዳለው ይጠየቃል፤ ሁለቱም አገሮች በዚያ ሥርዓት ውስጥ አሉ። ቢጫ ካርዱ ግን በዋናነት የሚሸፍነው በሌላ ሰው ላይ የሚደርስ ጉዳትን ነው፤ ለተሰበረ መስታወትና ለተጣመመ መሪ አይከፍልም። ስለዚህ በሙከራ ላይ የሚሰበረውን ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ በምስክር ፊት መነጋገር ነው። አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ንግግር ነው።

ሦስተኛው «መካኒክ አይቶታል» የሚለው ነው። መካኒክ ያየው የቆመ ሞተር ነው። የቆመ ሞተር ደግሞ ብዙ ይዋሻል። ፍሪሲዮን መንሸራተቱ የሚታወቀው አቀበት ላይ በከፍተኛ ማርሽ ነዳጅ ሲሰጠው ነው፤ ድምፁ ይጨምራል፣ ፍጥነቱ ግን እዚያው ነው። ማርሽ የሚዘል መሆኑ የሚታወቀው ጭነት ይዞ ነዳጅ ሲለቀቅና መልሶ ሲሰጥ ነው። የጎማ ኩሽኔታ ያለቀ መሆኑ፣ ሻንሲው ከአደጋ በኋላ የተጠገነ መሆኑ የሚሰማው ቀጥ ባለ መንገድ ላይ መሪው ወደ አንድ ጎን ሲስብ ነው። ዘይት የሚበላ ሞተር በደንብ ከሞቀ በኋላ ከቁልቁለት መጨረሻ ነዳጅ ሲሰጠው ሰማያዊ ጭስ ያወጣል። ፍሬንስ? ፍሬን በጣት ተጨብጦ አይታወቅም። የፊቱ ፍሬን ላልቶ ጭነት ይዞ ቁልቁለት የሚወርድ ሰው የሚከስረው ፍራንክ ብቻ አይደለም።

በዚያ ላይ ጅቡቲ ጅቡቲ ናት። ከደጋ የወረደ ሞተር እዚህ ሌላ ሞተር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለችው፤ አየሩ ስስ ነው። ካርቡሬተሩ ለዚያ አየር ተስተካክሎ የኖረ ሞተር ወደ ባሕር ዳርቻ ሲወርድ አየሩ ይወፍርበታል፤ የሚደርሰው ቤንዚን ከአየሩ ያንሳል። ሞተሩ ያለ ልክ ይግላል፤ ካንዴላው ሲፈታ ነጥቶ ይገኛል። ይህ በጊዜ ከተስተካከለ ቀላል ነገር ነው። ሳይታወቅ በበጋው ሙቀት፣ ቴርሞሜትሩ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚወጣበት ወር ለሳምንታት ከተነዳ ግን ፒስተን ይበላል። ደግሞም እዚሁ የኖረው ሞተር የራሱ ጣጣ አለው። የባሕሩ ጨው የማርሚታውን ሥር፣ የጎማውን ራጅ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹን መጋጠሚያ ይበላል። ላይ ላዩን ቀለም ተቀብቶ የሚያበራ ሞተር ኮረኮንች ላይ ሲንገጫገጭ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ከአምቡሊ ወደ ባልባላ የሚወጣውን አቀበት፣ የሰፈራችንን አቧራማ መንገድ፣ የቀትሩን ሙቀት ያልቀመሰ ሙከራ ሙከራ አይባልም። ግቢ ውስጥ አንድ ዙር መዞር የልጆች ጨዋታ ነው።

ሌላው የሚዘነጋ ነገር ሞተሩ ጤነኛ ሆኖም ለእኛ የማይሆን መሆኑ ነው። ቦክሰር የለመደ ሰው አፓቼ ላይ ሲወጣ ፈጥኖ መነሳቱ ይማርከዋል፤ የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ሠርግ ናቸው። ከኋላ አንድ ኬሻ ሽንኩርት ሲጫንበት ግን ጥያቄው ይለወጣል፦ ጭነቱ የት ይቀመጣል? የኋላ ሞላው ይሸከማል? ቀኑን ሙሉ ሲነዳ ወገብ ያማል? እግር መሬት ይደርሳል? መለዋወጫው እዚህ ጅቡቲ ይገኛል ወይስ ከድሬዳዋ እየተላከ ይጠበቃል? ይህን የሚመልስ ደላላም መካኒክም የለም። የሚመልሰው ጭነቱን ጭኖ የነዳው ሰው ብቻ ነው።

ለዚህም ነው የሰውን ሞተር ከመንዳት በፊት በዚያው ቀን፣ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ጭነት የራሳችንን እንንዳ የምንለው። የራሳችንን ጉድለት ስለለመድነው አይታየንም። ፍሬኑ ከላላ ቆይቶ ከሆነ እጃችን አስቀድሞ መጭበጥ ለምዷል፤ ስለዚህ ተራ ጤነኛ ፍሬን ተአምር ይመስለናል። የሚያስፈልገው ምናልባት አዲስ የፍሬን ሸራ እንጂ አዲስ ሞተር ላይሆን ይችላል። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ይባላል። እኛ ተረቱን እስከዚህ ድረስ ብቻ እንቀበለዋለን፦ መልአኩን ለማወቅ መሞከር አለብን፤ ሞክረን «ይቅርብን» ብለን ወደ ቤት መመለስም አያሳፍርም። ጥሩ ሙከራ ማለት በልዋጭ የሚያልቅ ብቻ አይደለም።

«ችግር ከመጣ ሕግ አለ» የሚሉም አይጠፉም። አዎ፣ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ በዕቃው ላይ ላለ የተሰወረ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያዛል። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ምሁር ሬኔ ዳቪድ ነበሩ፤ የጅቡቲ የሕግ ሥርዓትም መሠረቱ የፈረንሳይ ሕግ ነው። የ1804ቱ የፈረንሳይ ሕግ የሽያጭን ደንብ ለልዋጭም ያውላል፤ ገዢው ሞክሮ እስኪቀበለው ድረስ የማይጸና የሙከራ ሽያጭ የሚባል ውልም አለው። ሕግ አውጪዎቹ መሞከርን እንደ ነውር አላዩትም ማለት ነው። ነገር ግን የኢትዮጵያውም የፈረንሳዩም ሕግ ገዢው በቀላሉ ሊያየው ይችል ለነበረ ጉድለት ሻጩን ተጠያቂ አያደርጉም። አንድ አቀበት ቢወጣ የሚታወቅ የነበረ ነገር ይዘን ብንከስ፣ ዳኛው «ለምን አልነዳችሁትም?» ቢሉን ምን እንመልሳለን? ደግሞስ ሰውየው በጋላፊ ወይም በደወሌ ተሻግሮ ከሄደ በኋላ ለአንድ ሞተር ክስ ይዞ አገር ለአገር የሚዞር ማን ነው?

ስለ ደላሎችም እንናገር። ሐቀኛ ደላላ አለ፤ እናከብረዋለን። ነገር ግን ደላላ ኮሚሽኑን የሚቀበለው እጅ ለእጅ ስንጨባበጥ ነው። በማግሥቱ ሞተሩ ቢቆም ከኪሱ የሚወጣ ነገር የለም። «ሌላ ፈላጊ እየመጣ ነው፣ ቶሎ በሉ» የሚለውም ለዚህ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ስለዚህ ሃያብለ ውስጥ የምንለዋወጥ ሁሉ እነዚህን አምስት ነገሮች እንደ ደንብ እንያዝ፦

1. ሁለቱም ሞተሮች ይነዱ። አንዱ ብቻ የተነዳበት ልዋጭ አይጽና።

2. ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ይነሳ። ከመነሳቱ በፊት ብሎኩ በእጅ ይዳሰስ፤ ሞቆ ከተገኘ አስቀድሞ ያሞቁት ለምን እንደሆነ ይጠየቅ። ከጉዞው በኋላም በሞቀበት ጠፍቶ እንደገና ይነሳ።

3. ሙከራው ከአንድ ሰዓት አይነስ። አስፋልት፣ ኮረኮንችና አቀበት ይኑረው፤ የተለመደው ጭነት ይጫን። ሲያበቃ ካንዴላው ተፈቶ ይታይ።

4. ሊብሬው ወይም ካርት ግሪዙ ከሻንሲና ከሞተር ቁጥሩ ጋር ፊት ለፊት ይመሳከር። በጊዜያዊ ፈቃድ ድንበር የተሻገረና የጉምሩክ ጉዳዩ ያላለቀ ሞተር ቢነዳም አይለወጥ።

5. በሙከራው ቀን ቁልፍ አይቀየር። አንድ ሌሊት ይደር፤ ቤት ይመከርበት።

አምስተኛው የሚያስቀው ሰው ካለ፣ እቁቡን የምትጥለው ማን እንደሆነች ያስብ። እናቶች፣ እህቶች፣ ይህ የእናንተም ጉዳይ ነው። ባለቤታችሁ ወይም ወንድማችሁ «ሞተር ልለውጥ ነው» ሲላችሁ «ስንት ትጨምራለህ?» ከማለታችሁ በፊት «ነድተኸዋል? ጭነት ጭነህ?» ብላችሁ ጠይቁ። «አምኜው ነው» ካለ ቁልፉ ቤት ይደር።

ለባለ ሞተሮችም የመጨረሻ ቃል አለን። ሞተራችሁ ጤነኛ ከሆነ ከሙከራ የምታጡት የአንድ ሰዓት ቤንዚን ነው፤ እሱንም ነጂው ይሙላ። ሞተሩ ጤነኛ ካልሆነ ግን ጉድለቱን አውጥታችሁ ተናገሩና ከጭማሪው ላይ ይቀነስ። ይህ ሰፈር ትንሽ ነው፤ ዛሬ የተለዋወጥነው ሰው ነገ ድንበር ላይ ዕቃ የምናሳድርበት፣ ለልቅሶ የምንደራረስበት ሰው ነው። ቁልፉን አቀብሉ።