ምጽዋት ዕዳ አይከፍልም

ከሞጆ ተነሥቶ በመቂ በኩል ወደ ዝዋይ የሚወርድ መንገደኛ ኮካ ሲደርስ፥ ዓሣ በገመድ ሰክተው ከመንገዱ ዳር የሚያሳዩ ልጆችን፥ ከእነርሱም አለፍ ብሎ የሽንኩርት ጆንያና የቲማቲም ሣጥን ደርድረው ገዢ የሚጠብቁ ገበሬዎችን ያያል፤ መኪናውን አቁሞ፥ ዋጋ ተከራክሮ ይገዛል፥ ሽንኩርቱም በዚያው ዕለት ማታ አዳማ ወይም አዲስ አበባ ማጀት ውስጥ ይከተፋል። ያ ዓሣ የኖረበት፥ ያ ሽንኩርት የጠጣው ውሃ ከየት እንደ መጣ፥ በመንገዱም ላይ በማን ደጅ እንዳለፈ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኔም ብዙ ጊዜ ሳልጠይቅ ገዝቼ አልፌአለሁ።

ያ ውሃ የአዋሽ ነው፤ አዋሽም ከጊንጪ አቅራቢያ ካለው ደጋ ፈልቆ፥ በስምጥ ሸለቆው ወርዶ፥ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር የሚቀር፥ ውለታውን ሁሉ ለገዛ አገሩ ሕዝብ የሚተው ወንዝ ነው። በ1952 ዓ.ም. ጣልያን በከፈለው የጦር ካሣ የኮካ ግድብ ተሠርቶ 43 ሺሕ ኪሎዋት ያህል ኃይል መስጠት በጀመረ ጊዜ፥ ከግድቡ ኋላ የተኛው ሐይቅ ለዘመኑ ሰው የተስፋ ምልክት ነበር። ዛሬ ወደዚያ ሐይቅ የሚገባው ግን ውሃ ብቻ አይደለም፤ የአቃቂ ወንዞች የመናገሻይቱን ከተማ ቆሻሻ ተሸክመው በአባ ሳሙኤል ግድብ በኩል ለአዋሽ ያስረክባሉ፥ የሞጆም ወንዝ በዳርቻው ከተተከሉት የቆዳ ፋብሪካዎችና ከከተማው የወጣውን ፍሳሽ ይዞ ይቀላቀላል። መርዝ የሚያመነጩ፥ ሳያኖባክቴሪያ የሚባሉ ረቂቃን ፍጥረታት በሐይቁ እንደሚራቡ ተመራማሪዎች ከመሰከሩ ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ በ2001 ዓ.ም. አልጀዚራ የኮካን አረንጓዴ ውሃ ለዓለም አሳይቷል። ከግድቡ በታችም ከዚያው ከአዋሽ የተቀዳው ውሃ ተጣርቶ በአዳማ ቤቶች ቧንቧ ይወርዳል።

የቆዳ ሥራ በባሕርዩ ውሃ የሚጨርስ ሥራ ነው። ጨው የተነሰነሰበት ጥሬ ቆዳ አስቀድሞ ተነክሮ ይታጠባል፥ ጠጉሩ በኖራና በሰልፋይድ ይረግፋል፥ የተጣበቀበት ሥጋ ይፋቃል፥ ከዚያም በሚሽከረከር ታላቅ በርሜል ውስጥ በክሮም ጨው ሲለፋ ቆይቶ ሰማያዊ መልክ ይዞ ይወጣል፤ በየደረጃው የሚደፋው ውሃ የየራሱን መርዝ ይዞ ይሄዳል፥ ሽታውንም በፋብሪካው አጠገብ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ክሮሙን ለይቶ፥ ዝቃጩን አስቀርቶ፥ የቀረውን አጣርቶ መልቀቅ የተሰወረ ጥበብ አይደለም፤ ነገር ግን መብራት፥ ኬሚካልና የሠለጠነ ሠራተኛ ይፈልጋል፥ በየወሩ ገንዘብ ይበላል፥ ይህ ሁሉ ወጥቶበትም በሚሸጠው ቆዳ ላይ አንዲት ጋት አይጨምርም። ፈተናውም ያለው ከዚህ ላይ ነው፤ ማጣሪያውን ማሠራት ብር ሲያስወጣ፥ ሌሊት መክፈቻውን አዙሮ ወደ ወንዙ መልቀቅ ግን ምንም አያስወጣምና፥ የአንድ ባለሀብት ሕሊና የሚመዘነው ተቆጣጣሪ በሌለበት በዚያ ሰዓት ነው እንጂ በአዳራሽ በሚያደርገው ንግግር አይደለም።

የኩባንያዎች ማኅበራዊ ኃላፊነት የሚባለው ቃል በዘመናችን በየስብሰባው ይሰማል። በዓል ሲቃረብ ለትምህርት ቤት ወንበር፥ ለጤና ጣቢያ አልጋ፥ ለአረጋውያን ብርድ ልብስ ይሰጣል፥ ሪባን ይቆረጣል፥ ዜናውም በዚያው ማታ በቴሌቪዥን ይነገራል። ስጦታውን አልነቅፍም፤ የሰጠች እጅ ትባረክ። የምነቅፈው፥ አጥብቄም የምቃወመው፥ ስጦታው በዕዳ ቦታ ሲቆጠር ነው። ምጽዋት ሰው ከገዛ ገንዘቡ ቈርሶ የሚሰጠው ነው፤ ዕዳ ግን በእጁ ያለ የሌላ ሰው ገንዘብ ነው። ወንዙን በማቆሸሽ የተረፈው ብርም የባለፋብሪካው ትርፍ ሳይሆን፥ ከወንዙ ጠጥታ ላሙ የከሳችበት ገበሬና ንጹሕ ውሃ ፍለጋ ሁለት ሰዓት የምትጓዝ እናት ሳያውቁ ያበደሩት ገንዘብ ነው። ከዚያ ላይ ጥቂቱን ለበዓል በሬ መግዣ አድርጎ መመለስ ቸርነት ሊባል አይገባውም።

ይህን መለየት ከባሕር ማዶ የምንማረው ነገር አይደለም። ቀራጩ ዘኬዎስ ክርስቶስ በቤቱ በገባ ጊዜ ሁለት ነገር ለየብቻ ነው የተናገረው፤ የሀብቱን እኩሌታ ለድኾች እንደሚሰጥ ተናገረ፥ የበደለው ሰው ቢኖር ደግሞ አራት እጥፍ አድርጎ እንደሚመልስለት ተናገረ፤ ለድኾች ሰጥቻለሁና የግፉ ነገር ይሰረዝልኝ አላለም። በሙስሊም ወገኖቻችን ዘንድም በሐራም የተገኘ ገንዘብ ሰደቃ ሆኖ አይጻፍም። ኦሮሞ ደግሞ ሰው ከፈጣሪው፥ ከባልንጀራው፥ ከውሃውና ከሣሩ ጋር የሚኖርበትን የተገባ ሥርዓት ሰፉ ብሎ ይጠራዋል፤ በየዓመቱ በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ዳር ለምለም ሣር ነክሮ ፈጣሪውን የሚያመሰግን ሕዝብ፥ ውሃ መመረዙ ስንኳን በሕግ በሃይማኖትም ነውር መሆኑን ከማንም በፊት ያውቅ ነበር።

ስጦታና ዕዳ ለየብቻ መቈጠራቸውን ለማሳየት የወንጂን የስኳር ፋብሪካ ማንሣት ግድ ይለኛል። የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ በ1943 ዓ.ም. ከመንግሥት ጋር ተዋውሎ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ሲጀምር፥ ለሠራተኛው መንደር ሠራ፥ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት አቆመ፥ ብዙ ሰው ፊደልም ሙያም ያገኘው በዚያ ነው፤ ይህ ሊካድ አይገባውም። ነገር ግን የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ከእሳተ ገሞራ ድንጋዩ ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል፥ የዓለም የጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም አይለፍ የሚለው ንጥረ ነገር በወንጂ ጉድጓዶች ከዚያ ብዙ እጥፍ ሆኖ ተገኘ። የልጆች ጥርስ በለዘ፤ ዓመታት ሲያልፉም በሽታው ወደ አጥንት ገባ። ይህ ደዌ የጸናበት ሰው ከኋላው ሲጠሩት አንገቱን መመለስ አይቻለውምና እንደ ግንድ መላ ሰውነቱን ያዞራል፤ ሻዩን ሲጠጣም ራሱን ቀና ማድረግ ተስኖት የመጨረሻይቱን ጉንጭ በብርጭቆው ሥር ይተዋታል። ዕድሜውን በሸንኮራ እርሻ የፈጀ ሠራተኛ የስኳሩን ሻይ እንኳ እስከ አተላው መጨለጥ ተከለከለ።

ፍሎራይዱን በምድሪቱ ውስጥ ያኖረው ኩባንያው አይደለም። ነገር ግን ጉድጓዱን የቈፈረ፥ ቧንቧውን የዘረጋ፥ ሠራተኛውንም ከሩቅ አገር አምጥቶ በዚያ ቧንቧ አጠገብ ያሰፈረ፥ ያጠጣውን የማወቅና የመመርመር ግዴታ ነበረበት። በ1967 ዓ.ም. ፋብሪካው ሲወረስ ያ ግዴታ ወደ መንግሥት ተሻገረ፤ የመንግሥት ንብረት መሆን ማንንም ከዚህ ግዴታ ውጭ አያደርግም። ፍሎራይድ የሚለዩ ማጣሪያዎች ተተክለዋል፤ የደነደነ አጥንት ግን አልለሰለሰም።

እንዲሁም በዝዋይ ሐይቅ ዳር የሼር የአበባ እርሻ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት አቁሟል፥ ለብዙ ሺሕ ሰውም ሥራ ሰጥቷል። ይህ መመስገን አለበት፤ ምስጋናውም በሐይቁ ዙሪያ የሚያለማው ሁሉ፥ ታላቁም ሆነ አነስተኛ ፓምፕ የተከለው፥ ስንት ውሃ እንደሚቀዳና ምን እንደሚመልስ እንዳይጠየቅ አፍ መዝጊያ ሊሆን አይገባውም፤ ሐይቁ የደሴቶቹ የዛይ ሕዝብ መኖሪያና የዓሣ አስጋሪው ጓዳ ነውና።

ፋብሪካውን ብናስጨንቀው ይዘጋል፥ ሠራተኛው ይበተናል፥ የውጭ ምንዛሪም ይቀራል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ሥጋታቸውን አልንቅም፥ የሥራ ማጣት ምን እንደሆነ አውቃለሁና። ነገር ግን ማጣሪያው ባለመሠራቱ ወጪው የጠፋ መስሎ ከታያቸው ተሳስተዋል፤ ከባለፋብሪካው መዝገብ ወጥቶ በኮካ ገበሬ ጎጆ ውስጥ ተጻፈ እንጂ አልጠፋም። ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው፥ ማጣሪያውን በቅንነት የሚያሠራው ነጋዴ ነው፤ ጎረቤቱ በነጻ እየደፋ በርካሽ ሲሸጥ እርሱ በገበያ ይሸነፋል፥ ቅንነቱም እንደ ሞኝነት ይቈጠርበታል። ስለዚህ የአዳማና የሞጆ ነጋዴዎች ማኅበራት በስብሰባቸው አስቀድመው ሊነጋገሩበት የሚገባው ለበዓሉ ስንት በሬ እንደሚታረድ ሳይሆን፥ የማን ማጣሪያ እንደቆመና ለምን እንደቆመ ነው።

ሕጉ አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት ለሁሉም ሰጥቷል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300ም የበከለ ሰው ያጸዳ ዘንድ፥ ወይም የማጽጃውን ወጪ ይከፍል ዘንድ ያዛል። በዚሁ አዋጅ አንቀጽ 11 መሠረት ማንኛውም ሰው፥ ጉዳቱ በራሱ ላይ ባይደርስ እንኳ፥ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤት ማለት ይችላል፤ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልረካ፥ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ሊሄድ መብት አለው። እንግዲህ በአዳማ ከቧንቧ የምትጠጣ፥ ከኮካ ዳር ሽንኩርት የምትገዛ አንባቢ ሆይ፥ ይህ መብት ያንተም ነው፤ ማመልከቻውን ጻፍ።