ስለ ካሚዮን ነጂዎችና ስለ ረዳቶቻቸው

በልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የጠመንጃ ያዥ ሠፈር፤ ስሙ እንደሚያስረዳው፤ መሣሪያ ይዘው ያገለገሉትን ሰዎች የሚያሳስብ ነው። አገር የሚቆመው ግን በጠመንጃ ያዥ ብቻ አይደለም። መሪ ይዞ አዋሽንና ሚሌን አልፎ በጋላፊ በር ወደ ጅቡቲ የሚወርደው የካሚዮን ነጂ፤ ከነረዳቱ፤ ለአገር የሚደክም ነው። ነዳጁም ማዳበሪያውም የሚበዛው በዚሁ መንገድ ይደርሰናልና።

ዳሩ ግን ካሚዮን ገደል በገባ ጊዜ፤ የመኪናውና የጭነቱ ዋጋ በመድን ሲተካ፤ የሟቹን ቤተ ሰብ ማን ይጦራል? ብዙ ባለንብረት መድን ገብቻለሁ ሲል የሚያሳየው የሦስተኛ ወገን መድን ወረቀት ነው። ይህ መድን በመንገድ ለሚጎዳው ለሌላው ሰው የቆመ ነው እንጂ፤ ለባለንብረቱ ሠራተኛ የታሰበ አይደለም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቍጥር 1156 ነገሩን ወስኖታል። ሠራተኛ በሥራው ምክንያት ሲጎዳ፤ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። በጡረታ ሕግ ያልተሸፈነ ሠራተኛ ቢሞት ካሳው የ5 ዓመት ደመወዝ ነው፤ ከዚህም ግማሹ ለሚስቱ፤ ከመቶ 10 ለእያንዳንዱ 18 ዓመት ላልሞላው ልጁ ይደርሳል። እንግዲህ በወር 10,000 ብር ይቀበል የነበረ ሰው ቢሞት፤ የካሳው መሠረት 600,000 ብር ሲሆን፤ ለሚስቱ 300,000፤ ለያንዳንዱ ልጅ 60,000 ብር ይሆናል ማለት ነው።

አንድ ካሚዮን ብቻ ያለው ባለንብረት፤ እርሷም ከገደል ወድቃበት ሳለ፤ ይህን ገንዘብ ከወዴት ያመጣል? የሚከፍል ከሌለ ፍርዱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በየዓመቱ ጥቂት ከፍሎ የሠራተኞች ጉዳት ካሳ መድን መግባት ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። የጀርመን መንግሥት ይህን በ1884 እ.ኤ.አ. በሕግ አቁሞታል። በእኛም አገር ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ መድን ድርጅት አለ፤ ከ1986 ዓ.ም. ዐዋጅ በኋላም የግል መድን ሰጪዎች ተቋቁመዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው የረዳቱ ነገር ነው። በቃል ብቻ በነጂው ስለሚቀጠር፤ አደጋ ሲደርስ ባለንብረቱ አላውቀውም ይላል። ሕጉ ግን የቃልንም ውል ይቀበላል፤ አሠሪውም በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ነገር ጽፎና ፈርሞ እንዲሰጥ ያዝዛል።

ስለዚህ ሹማምንት የጭነት ፈቃድ ሲያድሱ፤ የሦስተኛ ወገን መድን እንደሚጠይቁ ሁሉ፤ የነጂውንና የረዳቱን ውልና መድን ቢጠይቁ መልካም ነው። ካህናትም በልቅሶ ቤት ለዕርቅ ሲቀመጡ፤ ባል የሞተባት ሴት የሚገባትን ሳታውቅ በጥቂት ብር ፈርማ መብቷን እንዳታስቀር ይምከሯት፤ ክስ የሚቀርብበትም ጊዜ በሕግ የተወሰነ ነውና።

የኦሪት ሕግ፤ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም እንዳይወድቅበት በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ አዝዟል። መከታው የሚሠራው ሰው ሳይወድቅ በፊት ነው። የካሚዮን ባለቤትም መከታው መድን መሆኑን ዐውቆ፤ መኪናው ከበር ሳይወጣ ያዘጋጀው።