የወር አበባ ለምን ይዛባል?

በዚህ ወር የጤና ዓምዳችን ብዙ እህቶች በሐፍረት የሚደብቁትን ችግር እንመለከታለን። የወር አበባ ሲዛባ ወይም ሲጠፋ፣ ምርመራ ሳይደረግ «መካን ናት» የሚል ወሬ ይነሳል፤ በዚህም የተናጋ ትዳር ጥቂት አይደለም። መዛባቱ ግን የሌላ ችግር ምልክት ነው፤ ሕክምናውም እንደ መንስኤው ይለያያል።

ምርመራው ከቤት ይጀምራል። እህቶቻችን ለሶላትና ለረመዳን ቀዷ ሲሉ የሐይድ ቀናቸውን ይቆጥራሉ። ይህንኑ በደብተር ቢይዙት ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ነው። ለአዋቂ ሴት አንዱ የወር አበባ ከጀመረበት ቀን አንስቶ ቀጣዩ እስኪጀምር ከ21 እስከ 35 ቀን ቢሆን ጤናማ ነው። የወር አበባ ካየች ብዙ ዓመት ያልሆናት ልጃገረድ ግን እስከ 45 ቀን ብትዘገይ አያስደነግጥም። ሦስት ወር ከቀረ፣ ወይም 15 ዓመት ሞልቷት ጨርሶ ካላየች ሐኪም ሊያያት ይገባል።

ሐኪሙ በቅድሚያ እርግዝና አለመኖሩን ያረጋግጣል። ከዚያም ስለ ክብደት ለውጥ፣ ስለ ጭንቀትና ስለምትወስደው መድኃኒት ይጠይቃል። ለምሳሌ የሦስት ወሩ የወሊድ መከላከያ መርፌ ከተቋረጠ በኋላ እንቁላል መውጣት እስከ አንድ ዓመት ሊዘገይ ይችላል። በደም ምርመራ የታይሮይድና የፕሮላክቲን ሆርሞኖች ይለካሉ፤ ሳታጠባ ከጡቷ ወተት የሚወጣ እህት ይህን ሳታፍር ትናገር። ኤፍ ኤስ ኤች የተባለው ሆርሞን በጣም ከፍ ካለ፣ እንቁላል የሚያፈራው ዕጢ (ኦቫሪ) ያለ ጊዜው መድከሙን ይጠቁማል።

እንቁላል በወቅቱ እንዳይወጣ ከሚያደርጉት ዋነኛው ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ የሚባለው ነው። የፊት ፀጉርና ብጉር መብዛት ከምልክቶቹ መካከል ናቸው። በአልትራሳውንድ የታየው ብቻውን ግን በቂ ማስረጃ አይሆንም። እንቁላል መውጣቱን ለማወቅ፣ ቀጣዩ የወር አበባ ሊመጣ አንድ ሳምንት ያህል ሲቀረው የፕሮጄስትሮን መጠን በደም ይታያል።

ባሎችም አብረው ይመርመሩ፤ የዘር ፈሳሽ ምርመራ ቀላል ነው፣ መንስኤው በእነርሱ በኩል የሚሆንበት ጊዜም ብዙ ነው። መንስኤው ከታወቀ አብዛኛው በመድኃኒት ይረዳል። ስለዚህ ከወሬ በፊት ምርመራ ይቅደም። አላህ ጤናውን ይስጠን።