የዕቃ ዋጋው ታሪኩ ነው

ወርቅ በየአገሩ የተከበረ ማዕድን ነው። ይሁን እንጂ የአንድ ዕቃ ዋጋ ሁልጊዜ በተሠራበት ማዕድን አይለካም። ይህ አባባል ቢያጠራጥራችሁ የአንድን የእጅ ሰዓት ታሪክ መርምሩ።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1947 ዓ.ም. ስዊዘርላንድን በጎበኙ ጊዜ ፓቴክ ፊሊፕ በተባለው ዕውቅ ድርጅት የተሠራ የወርቅ ሰዓት ተበርክቶላቸው ነበር። ይህ ሰዓት ከሰዓቱና ከደቂቃው ሌላ ዕለቱን፣ ቀኑን፣ ወሩንና የጨረቃን መሙላትና መጉደል ያሳያል። እኛ ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ 6 ቀን እንደምናደርጋት ሁሉ፣ ፈረንጆች ፌብሩዋሪ የሚሉትን ወር በየአራት ዓመቱ 29 ቀን ያደርጉታል። ሰዓቱ ይህንንም ሆነ የየወሩን 30 እና 31 ቀን ማንም ሳያስተካክለው ለይቶ ይቆጥራል። ያን ሁሉ ስሌት በጥቃቅን ጥርሳም መዘውሮች አሰናስሎ በእጅ አንጓ ላይ በሚታሰር ዕቃ ውስጥ ማግባት ታላቅ ጥበብ ነው።

ሰዓቱ በግንቦት ወር 2009 ዓ.ም. በጄኔቫ ከተማ በሐራጅ ሲሸጥ ወደ 2.9 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ አወጣ። ወርቁ ቀልጦ ቢሸጥ ከዚህ ገንዘብ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አያወጣም። ታዲያ የቀረው 99 እጅ የምን ዋጋ ነው? የጥበቡና የብርቅነቱ ነው የሚል ይኖራል፤ ይህም እውነትነት አለው። ዳሩ ግን የዚሁ ዓይነት ሰዓቶች ከሆኑት ብዙዎቹ ከዚህ እጅግ ባነሰ ዋጋ ተሸጠዋል። ልዩነቱን ያመጣው የማን እንደነበረና መቼ እንደተሰጠ መታወቁ ነው።

ሌላ ምሳሌ እንውሰድ። በጥቅምት ወር 2010 ዓ.ም. የአሜሪካዊው የፊልም ተዋናይና የመኪና እሽቅድምድም ተወዳዳሪ የፖል ኒውማን ሮሌክስ ሰዓት በኒው ዮርክ ከ17 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። ሰዓቱ ክሮኖግራፍ ከሚባሉት፣ ማለትም ቁልፋቸው ሲጫኑት የሚነሣና ሲጫኑት የሚቆም ተጨማሪ ቆጣሪ ካላቸው ሰዓቶች አንዱ ነው። የተሠራው ግን ከወርቅ ሳይሆን ከማይዝግ ብረት ነው። በጀርባው ሚስቱ መኪና ሲነዳ እንዲጠነቀቅ ያስቀረጸችለት ቃል አለበት። ሰብሳቢዎቹ የተሻሙት ስለ ብረቱ ሳይሆን ስለዚያ ታሪክ ነው።

ታሪክ ይህን ያህል ዋጋ ካለው ማስረጃ ሊኖረው ይገባል። የንጉሠ ነገሥቱ ሰዓት መጀመሪያ ለሐራጅ የቀረበው በ2008 ዓ.ም. ነበር፤ ሆኖም የቤተሰባቸው አባላት የባለቤትነት ጥያቄ ስላነሡ በዚያን ጊዜ ከሽያጩ ወጣ። ያከራከረው ማን ሠራው የሚለው አልነበረም፤ የማን ነው የሚለው ነበር እንጂ። ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ በግልጽ ያልተመዘገበ ዕቃ ሁሉ እንዲህ ላለ ክርክር የተጋለጠ ነው።

በእኔ አስተያየት እንዲህ ያለው ዕቃ ሊቀመጥ የሚገባው ሕዝብ በሚያየው ሙዚየም ነው። «ሰብሳቢዎች ባይኖሩ ኖሮ ስንቱ አሮጌ ሰዓት ዝጎ በቀረ ነበር» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እርግጥ ነው፤ ሰብሳቢ ያስጠግናል፣ ያስወለውላል፣ ይጠብቃል። ነገር ግን በአንድ ሰው ሣጥን ተቆልፎ የሚኖር ቅርስ ከባለቤቱ በቀር ማንንም አያስተምርም።

«ይህ ለጅጋ ገበሬ ልጅ ምኑ ነው?» ትሉ ይሆናል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ ወደ ደብረ ማርቆስ ያለፉት በቡሬ በኩል ነው። በዚያ ዘመን የተዋጉ የጎጃም አርበኞች ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬም በፍኖተ ሰላም፣ በጅጋና በየገጠሩ ይኖራሉ። በቤታችሁ ከአያት የተወረሰ ሰዓት፣ የቀንድ ዋንጫ ወይም የብራና ዳዊት አይታጣም ይሆናል። አሮጌ ዕቃ ሰብሳቢ ሲመጣ ያን በፕላስቲክ ባልዲ የሚለውጥ ሰው የሚሰጠው ዕቃውን ብቻ አይደለም፤ የቤተሰቡንም ታሪክ አብሮ ይሰጣል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቅርስ እንዲመዘገብና ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይደነግጋል። ሆኖም ቤተሰቡ የዘነጋውን ዕቃ ሕግ ብቻውን ሊጠብቀው አይችልም።

ስለዚህ፣ ተማሪዎች ሆይ፣ አያቶቻችሁ በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው። ዕቃው የማን ነበር? ከማን፣ መቼና ስለምን ተገኘ? መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ፤ ዓመተ ምሕረቱንና የነገራችሁንም ሰው ስም አትርሱ። በጽሑፍ የሠፈረ ታሪክ ለዕቃው ምስክር ነው፤ ያልተጻፈው ግን ከሚያውቀው ሰው ጋር አብሮ ይቀበራል።