ጭምብል ያላጠለቀው ተንኮለኛ

እ.ኤ.አ. በ1948 የባትማን ጀብዱ በሚተረክበት የአሜሪካ የሥዕል መጽሔት ላይ ሪድለር፣ ማለትም እንቆቅልሽ ጠያቂው፣ የተባለ ተንኮለኛ ብቅ አለ። ይህ ሰው ወንጀሉን በእንቆቅልሽ አስቀድሞ ማስታወቅ ልማዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 «ባትማን ፎርኤቨር» በተሰኘው ፊልም ላይ ግን ከእንቆቅልሽ የሚበልጥ መሣሪያ ይዞ ቀረበ፤ ይኸውም በየቤቱ ቴሌቪዥን ላይ የሚቀመጥ ሣጥን ነው። ሣጥኑ ትርኢቱን በቀጥታ ወደ ተመልካቹ አንጎል ይልካል፤ ተመልካቹ ፈዞ ሲቀመጥም የልቡን ምስጢር እየመጠጠ ለሠሪው ያቀብላል። የከተማውም ሕዝብ ይህን ሣጥን ተሻምቶ ይገዛዋል። በመጨረሻ ባትማን ደርሶ መሣሪያውን ይሰብረዋል።

ተረቱ ያስቃል። ይሁን እንጂ ቴሌቪዥንን መፍራት የሚገባን በምን በምን እንደሆነ ሲነግረን በአንድ ወገን ያሳስተናል፤ በሌላ ወገን ደግሞ ሳያስበው እውነቱን ይናገራል። ስለዚህ ለይተን ብንመለከተው አይከፋም።

መጀመሪያ፣ አእምሮን የሚያፈዝ ምስጢራዊ ጨረር የለም። እ.ኤ.አ. በ1957 ጄምስ ቪካሪ የተባለ የገበያ አጥኚ፣ በኒው ጀርሲ በአንድ ሲኒማ ቤት ውስጥ ዓይን ሊይዘው በማይችል ፍጥነት «ኮካ ኮላ ጠጡ፣ ፈንዲሻ ብሉ» የሚል ጽሑፍ በመጋረጃው ላይ እያሳለፍሁ የኮካ ኮላውን ሽያጭ በ18 በመቶ፣ የፈንዲሻውን ከ57 በመቶ በላይ አሳደግሁ ብሎ አወጀ። ዓለም ደነገጠ። እ.ኤ.አ. በ1962 ግን ይኸው ሰው ማስረጃው እዚህ ግባ የማይባል እንደነበረ በራሱ አንደበት አመነ። ሆኖም ወሬው እስከ ዛሬ አልሞተም። ለምን ቢሉ፣ ሰው «አልተጠነቀቅሁም» ከማለት ይልቅ «አፍዝዘውኝ ነው» ማለት ይቀልለዋል።

ሁለተኛ፣ ምስጢር መጣጩ ሣጥን በእውነት መጥቷል፤ ያመጣው ግን ጭምብል ያጠለቀ ሰው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ቪዚዮ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ሠሪ ኩባንያ፣ በ11 ሚሊዮን ቴሌቪዥኖች አማካይነት ባለቤቶቹ ምን ምን እንደሚመለከቱ ሳያስፈቅድ መዝግቧል ተብሎ ተከስሶ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ዓለምን ለመግዛት አልተመኘም፤ መረጃውን ለመሸጥ እንጂ። ሰዎቹም እንደ ተረቱ ከተማ ሕዝብ ዕቃውን የገዙት በገዛ ገንዘባቸው ነው።

ሦስተኛ፣ ዋናው ኃይል ያለው በማፍዘዝ ሳይሆን በመምረጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በተደረገው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ምርጫ ወቅት ማክስዌል ማክኮምስና ዶናልድ ሾው የተባሉ ሁለት መምህራን፣ በቻፕል ሂል ከተማ ገና ያልወሰኑ 100 መራጮችን «የአገሪቱ ዋና ዋና ጉዳይ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። መልሱንም ጋዜጦች፣ መጽሔቶችና ቴሌቪዥን ለየጉዳዩ ከሰጡት ቦታ ጋር አስተያዩት። እ.ኤ.አ. በ1972 የታተመው ጥናታቸው እንዳሳየው የሁለቱ ቅደም ተከተል እጅግ የተቀራረበ ነበር። መራጮቹን ማንም ለእገሌ ድምፅ ስጡ ብሎ አላዘዛቸውም። የነገሩን ክብደት የሚለኩበት ሚዛን ግን ከሌላ ሰው እጅ የተቀበሉት ይመስላል።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልገንም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። የወሎ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ መንግሥት ነገሩን ሸሸገ፤ በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያነሣው ፊልም ጉዳዩን ለዓለም ገለጠው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ይኸው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣና ድሎት ሥዕሎች ጋር እየተፈራረቀ በአገራችን ቴሌቪዥን ታየ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

እዚህ ላይ በጥንቃቄ ማሰብ ያሻል። ረሃቡ እውነት ነበር፤ ግብዣውም እውነት ነበር፤ የሕዝቡም ቁጣ ተገቢ ነበር። ማንም አልፈዘዘም። ነገር ግን ሁለቱን እውነት ጎን ለጎን የሰፋ መቀስና መርፌ የያዘ እጅ ነበረ። ያ እጅ የማን ነው? ነገስ ምን ያሳየናል? ምንስ ይደብቀናል? ብሎ ለመጠየቅ ያን ማታ ጊዜ ያገኘ ጥቂት ነው።

መልሱ ከአሥር ዓመት በኋላ መጣ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲከበር፣ ወሎና ትግራይ እንደገና በረሃብ ያልቁ ነበር። ያን ፊልም ያሳዩት ገዢዎች በተራቸው የረሃቡን ወሬ አፈኑ። ዓለም የኮረምን ሕዝብ ያየው በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር፣ የቢቢሲው ማይክል በርክና ካሜራ ያነሣው መሐመድ አሚን ባቀረቡት ዜና ነው። ሣጥኑ ያው ሣጥን፣ ረሃቡም ያው ረሃብ፤ የተለወጠው መቀሱን የያዘው እጅ ብቻ ነበር። ያልታየው ነገር ከታየው ይልቅ ሰው ገደለ።

እንግዲህ የተረቱ ትልቁ ስሕተት መጨረሻው ነው። ባትማን መጥቶ መሣሪያውን አይሰብርልንም፤ ቢሰብረውም አይበጀንም። የ1966ቱን ረሃብ ለዓለም ያሳየው፣ የ1977ቱንም የገለጠው ይኸው መሣሪያ ነውና። ዛሬም መሣሪያው በስልክ መልክ በየኪሳችን ገብቷል፤ የሚመርጥልንም ሰው ብቻ ሳይሆን ጠባያችንን የሚያጠና የኮምፒውተር ቀመር ጭምር ነው።

የዚህ ግቢ ተማሪ «እኔ ተምሬአለሁ፤ የሚታለለው ሌላው ነው» ብሎ እንዳይዘናጋ እናሳስባለን። ትምህርት ከመታለል የሚያድነው ሲሠራበት ብቻ ነው። ስለዚህ ማኅበራችን በአዳራሹ ፊልም ወይም ዜና ባሳየ ቁጥር ከመበተናችን በፊት ግማሽ ሰዓት ለክርክር ይመደብ ዘንድ እንጠይቃለን። መምህሮቻችንም ትርኢትን እንደ መጽሐፍ መርምረን እንድንተች ቢያለማምዱን ውለታቸው ትልቅ ነው። ጥያቄዎቹ ሦስት ብቻ ናቸው፤ ማን ሠራው? ከምን ጎን አስቀመጠው? ምንስ አስቀረ?

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይባልብን፣ እነዚህን የምንጠይቀው ትርኢቱ ገና በዓይናችን ሳለ ይሁን።