ኮርቻው ሲታደስ እንስሳውም ይቅረብ

ከሐረር ጀጎል አምስት ጥንታውያን በሮች አንዱ በሆነው፥ በሐረሪ ቋንቋ አስማዲን በሪ ተብሎ በሚጠራው በሸዋ በር ማለዳ የቆመ ሰው የከተማችን ንግድ ዛሬም በምን ኀይል እንደሚንቀሳቀስ በዐይኑ ይመለከታል። የጭነት መኪና ዕቃውን ከግንቡ ውጭ አራግፎ ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጠባብ መንገድ ግን የአህያ መንገድ ነው። ማገዶውም እህሉም ወደየሱቁና ወደየቤቱ የሚደርሰው በእንስሳ ጀርባ ነው። ከከተማው ዙሪያ ካለው ደጋ ወደ ገበያ የሚወርደው ገበሬም ቢሆን ከመኪና መንገድ እስኪደርስ ድረስ ተስፋው አህያው፥ በቅሎው ወይም ፈረሱ ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ዕቃ የሚያርፈው በኮርቻ ወይም በኩርታን ላይ መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ለመኪናው ጎማና ዘይት በየወሩ ሒሳብ የሚይዘው ነጋዴ፥ ለኮርቻ ማደሻ የመደበው ገንዘብ እንዳለ መዝገቡ ቢመረመር አንድ መስመር እንኳ የሚገኝ አይመስለንም። በእኛ አስተያየት ይህ ቸልታ የርኅራኄ ጉድለት ብቻ ሳይሆን የንግድ ዕውቀት ጉድለት ጭምር ነው። ስለዚህ በዚህ ጋዜጣ ላይ ጥቂት ማሳሰብ የሚገባ ሆኖ አግኝተነዋል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ትምህርቱን ያገኘው ከራሱ ጥፋት ነው። ከአባቴ የወረስኩት አንድ ኮርቻ ነበረኝ። ኮርቻውን የለመደው አሮጌ ፈረስ ሲሞት ጀርባው ሰፋ ያለ ሌላ ፈረስ ገዝቼ ያንኑ ኮርቻ ጫንኩበት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ፈረሱ ኮርቻውን ባየ ቁጥር ጆሮውን ወደ ኋላ ያስተኛና ለመንከስ ይቃጣ ጀመር። እኔም ጠባዩ የከፋ መስሎኝ ልጓሙን አጠበቅሁበት፤ አለንጋም ጨመርሁበት። ጥቂት ቆይቶ ከትከሻው ጉብታ ላይ ጠጉሩ ተመለጠ፤ ቀጥሎም ገጣባ ወጣ።

ያን ጊዜ ኮርቻውን ብቻ ተሸክሜ ወደ አንድ አዳሽ ሄድኩ። ሰውዬው አሮጌውን ሙሌት ሳያወጣ፥ ስፌቱን በጥቂቱ ፈትቶ ብጥስጣሽ ጨርቅ ጠቀጠቀበትና ሰፍቶ መለሰልኝ። ኮርቻው ለዐይን ያማረ፥ ሞላ ያለ ሆነ። ፈረሱ ግን ቀድሞ በአንድ ወገን የቆሰለው አሁን በሁለቱም ወገን ቆሰለ፤ ሁለት ወርም ያለ ሥራ ቆመ። በመጨረሻ በዕድሜ የገፉ አንድ ኮርቻ ሰፊ ዘንድ ሄጄ ኮርቻውን ፊታቸው ሳስቀምጥ፥ ኮርቻውን ሳይነኩ «ፈረሱ የት አለ?» ብለው ጠየቁኝ። «ቤት ነው አባባ፤ ኮርቻውን አምጥቼልዎታለሁ» አልኳቸው። «ልጄ፥ እግር ሳያዩ ጫማ ይለካል?» አሉኝ። የዚህ ጽሑፍ ጠቅላላ ሐሳብ በዚህ ጥያቄ ውስጥ ያለ ነው።

ነገሩን በዝርዝር ስንመለከተው እንዲህ ነው። የኮርቻ እንጨት ቅርጹን አይለውጥም፤ የእንስሳው ጀርባ ግን ይለወጣል። ከክረምት በኋላ ሣር ሲበዛ እንስሳው ይወፍራል፤ በበጋ ማብቂያ ይከሳል፤ ሲያረጅም ጀርባው ይሰረጉዳል። በእንጨቱና በጀርባው መካከል ያለውን ልዩነት የሚያስታርቀው ሙሌቱ ነው። ሙሌቱ ከጊዜ ብዛት፥ ከክብደትና ከላብ የተነሣ ይጠጥራል፤ ይጓጉላል፤ ወደ አንድ ወገንም ይሸሻል። በዚህ ጊዜ ክብደቱ በሰፊው መዘርጋቱ ይቀርና በጥቂት ቦታ ላይ ብቻ ያርፋል። በዚያ ቦታ ደም እንደሚገባ ስለማይዘዋወር ሥጋው ይሞታል፤ ገጣባም የሚባለው ይኸው ነው። በፈረስ ወይም በበቅሎ ጀርባ ላይ ያለ ምክንያት የበቀለ የሚመስለው ነጭ ጠጉርም ብዙውን ጊዜ የዱሮ ጫና ምስክር ነው።

ብልህ ባለቤት ቁስል እስኪወጣ አይጠብቅም። ከጉዞ ሲመለስ ኮርቻውን አውርዶ የላቡን ምልክት ይመለከታል። ላቡ በሁለቱም ወገን እኩል ከሆነ መልካም ነው፤ በረጠበው መካከል ደረቅ ቦታ ከታየ ግን በዚያ ላይ ጫናው እንደ በረታ ይወቅ። ሰው በተቀመጠበት ጊዜ በኮርቻው ፊትና በትከሻው ጉብታ መካከል ሁለት ወይም ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት መኖር አለበት። በአከርካሪው ላይም ከፊት እስከ ኋላ ምንም ነገር ማረፍ የለበትም። ለአህያም ሕጉ ይኸው ሲሆን እንዲያውም ይጠብቃል፤ የአህያ አከርካሪ የወጣ ስለሆነ ኩርታኑ በግራና በቀኝ ሁለት ወፍራም ትራስ ሆኖ መካከሉ ባዶ መሆን ይገባዋል። አንድ ጆንያ ጭድ በጀርባዋ ላይ ጥሎ ማሰር ኩርታን መሥራት አይደለም።

እኒያ ሽማግሌ ለእኔ ያደረጉልኝም ይህንኑ ነበር። አሮጌውን ሙሌት በሙሉ አወጡ፤ በደንብ የታጠበና የተባዘተ የበግ ጠጉር በትንሽ በትንሹ እያስገቡ በእጃቸው እየዳሰሱ አስተካከሉ። ከዚያም ግላስ ሳይነጠፍ ባዶውን ኮርቻ በፈረሱ ላይ አድርገው እጃቸውን ከሥሩ እያሳለፉ ሦስት ጊዜ አስወልቀው አረሙት። አዲስ ሙሌት የሚረጋ ስለሆነም ከጥቂት ሳምንት በኋላ ፈረሱን ይዤ እንድመለስ አዘዙኝ። ከሥሩ ወፍራም ጨርቅ ብጨምርበት ምን እንደሚሆን ብጠይቃቸው፥ ጠባብ ጫማ ለለበሰ ሰው ሁለተኛ ካልሲ ምን ያደርግለታል አሉኝ።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንመለስ። አንዲት አህያ ከሸዋ በር ወደ ውስጥ በቀን 4 ጊዜ ትመላለሳለች ብንልና በገጣባ ምክንያት 21 ቀን ብትቆም 84 ጉዞ ጠፋ ማለት ነው። ባለቤቷ የ84 ጉዞ ኪራይ ያጣል፤ ነጋዴውም ዕቃው በወቅቱ አይደርስለትም፤ ወይም በሸክም ሊያስገባ ተጨማሪ ይከፍላል። ባለቤቷ ችግር ገፍቶት ቁስሏ ሳይሽር ቢጭናት ደግሞ ኪሳራው የቀኖች መሆኑ ቀርቶ የእንስሳዋ ይሆናል። የኩርታን ማደሻ ከዚህ ሁሉ ጋር ቢመዛዘን የትኛው እንደሚበልጥ ለነጋዴ ማስረዳት አያስፈልግም። አበው «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢለው፥ በራሷ አሳጠረች» እንዳሉት፥ በኮርቻ ላይ የሚቆጥብ ሰው የሚያሳጥረው የራሱን ገመድ ነው።

ይህ ጉዳይ ለሐረር እንግዳ አይደለም። በከተማችን እምብርት ያለው አደባባይ እስከ ዛሬ ፈረስ መጋላ ይባላል፤ የፈረስ ገበያ ማለት ነው። የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከመድረሱ በፊት ከዘይላ ጠረፍ በግመል የመጣው ዕቃ ጅልዴሳ ላይ እየተራገፈ በበቅሎና በአህያ ወደ ሐረር ይወጣ ነበር፤ የሐረርጌ ቡናም በዚሁ መንገድ ወደ ባሕር ይወርድ ነበር። በዚያ ዘመን የእንስሳ ጀርባ መጠበቁ የንግዱ መጠበቅ መሆኑን የማያውቅ ነጋዴ አልነበረም።

ምናልባት «ዘመኑ የመኪና ነው፤ ስለ ኮርቻ መጻፍ ምን ይጠቅማል?» የሚሉ ወገኖች ይኖራሉ። በ2013 ዓ.ም. የተደረገው የእንስሳት ናሙና ጥናት በኢትዮጵያ ከ10 ሚሊዮን ያላነሰ አህያና 2 ሚሊዮን ያህል ፈረስ መኖሩን ያሳያል። በአዊ ዞንም የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር፥ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው፥ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር እጅግ ብዙ ፈረስ በኮርቻና በግላስ አጊጦ በእንጅባራ ይሰለፋል። ይህን ያህል ጀርባ ባለበት አገር የኮርቻ ሥራ ያለፈበት ሙያ ነው ማለት ገበያውን አለማየት ነው። የጀጎል መንገዶችም ቢሆኑ ለመኪና ተብለው የሚሰፉ አይደሉም፤ ከተማው በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ከነመንገዱ ነውና።

ይህ ከሆነ ዘንድ ጥሩ ሥራ ለምን ጠፋ? ሁለት ምክንያት ይታየናል። አንደኛው የሙሌት ነገር ነው። ጭድ በቶሎ ይደቅቃል፤ ጨርቅ ይጓጉላል፤ የበግ ጠጉር ግን በተፈጥሮው የተጠቀለለ ስለሆነ ተጭኖ ሲለቀቅ ይመለሳል። በእኛ ቆላ የሚረባው ጥቁር ራስ በግ ደግሞ የሚፈተል ወይም የሚባዘት ጠጉር የለውም። በአንጻሩ በሰሜን ሸዋ የመንዝ በግ ባለ ጠጉር መሆኑ የታወቀ ነው። በሸዋ በር የሚገባ የሸዋ ዕቃ ብዙ ነው፤ ጥቂት ኩንታል የመንዝ በግ ጠጉር ለማስመጣት የሚነሣ አንድ ነጋዴ ቢገኝ ግን የራሱንም ትርፍ የብዙ እንስሳትንም ጤና ባገኘ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት የሚያሳፍር ነው፤ ይኸውም የቆዳ ሥራን መናቅ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብ እንዲቀር በ1900 ዓ.ም. ዐዋጅ ማስነገራቸው ይታወሳል። ስድቡ ከአደባባይ ቢቀንስም ንቀቱ ከኪሳችን አልወጣም። ለመኪና ጠጋኝ ሳንከራከር የጠየቀንን እንከፍላለን፤ ወስፌና ጠፍር ይዞ ግማሽ ቀን ለደከመ ኮርቻ ሰፊ ግን ሒሳቡን ስንቆርጥበት እናመሻለን። እንግዲህ ልጁ ከአባቱ ሙያውን ለምን ይማር? ኮርቻ ሰፊውም ብጥስጣሽ ጨርቅ ጠቅጥቆ ቢሰደን የከፈልነውን ያህል ሠርቶልናል ማለት ነው። ማራኪ የመጽሐፍ ድጉሰትና የቆዳ ሥራ ስሟን ያስጠራላት ሐረር ይህን ሙያ ማጣት አይገባትም።

ስለዚህ ለንግድ ምክር ቤታችን አባሎች ሦስት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፥ በዓመት ሁለት ጊዜ፥ ይኸውም በመስከረምና በየካቲት፥ በሸዋ በር ገበያ አጠገብ የኮርቻና የኩርታን መመርመሪያ ቀን ይወሰን፤ ባለሙያዎችም ከነመሣሪያቸው ይቀመጡ፤ ማንም ሰው ኮርቻውን ብቻ ሳይሆን እንስሳውንም ይዞ ይምጣ። ሁለተኛ፥ በቅርባችን ያለው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ክፍል በዚያ ቀን ባለሙያዎቹን እንዲልክልን ምክር ቤቱ ይጠይቅ፤ ሐኪሙ ቁስሉን፥ ኮርቻ ሰፊው የቁስሉን ምክንያት አብረው ይመልከቱ። ሦስተኛ፥ ዕቃውን በአህያ የሚያስገባ ነጋዴ ሁሉ ከኪራዩ ጋር ጥቂት ለኩርታን ማደሻ ይጨምር፤ ጭኖ አዳሪው ብቻውን ሊችለው የማይችለው ወጪ ነውና፥ ጥቅሙም የሁለቱም ነውና።

አባቶቻችን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» እያሉ ጥፋተኛውን ትቶ ሌላውን የሚመታውን ሰው ይተርቱበት ነበር። እኛ ደግሞ ተረቱን ገልብጠነዋል፤ ጥፋቱ የኮርቻው ሆኖ ሳለ አህያውን እንመታለን። እኔም ያንን ፈረስ የመታሁት በአለንጋ ነበር፤ ይነግረኝ የነበረው ግን እውነቱን ነበር። አንባቢዎቻችን ነገ ማለዳ ከመጫናቸው በፊት ኩርታኑን ገልጠው እጃቸውን በእንስሳው ጀርባ ላይ አንድ ጊዜ እንዲያሳልፉ በትሕትና እናሳስባለን።